የእሪ በከንቱው ጥሩምባ ነፊ

ጋሽ አባይነህ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት በማለዳ ሰፈራችንን እሪ በከንቱን ቅያስ በቅያስ እየዞሩ ይጠራሉ። ባለሱቁ ኢስማኤል እንቅልፍ ይወዳልና፣ "ጋሼ፣ ሟቹ እንደሆነ አይሰማዎትም፤ እኔን ምን አድርግ ብለው ይቀሰቅሱኛል?" ይላቸዋል። እሳቸውም፣ "ያንተ ዕለት ቀስ ብዬ እነፋለሁ" ይሉታል። አራዳ በሞትም ይቀልዳል።

ሰፈሩ ለመንገድ ይፈለጋል ተባለ። መንገድ አያስፈልግም ያለ የለም፤ በታክሲ ሰልፍ ያረጀን ሰዎች ነን። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ለቤት ምትክ ቤት ይሰጣል፤ ለጎረቤት ግን ምትክ የለም። አንዱን በአንድ ዳር፣ ሌላውን በሌላ ዳር ኮንዶሚኒየም በተኑን።

የጋሽ አባይነህ ባለቤት እትዬ አስካለ ታመው አልጋ ላይ ከዋሉ ከርመዋል። ሞቱን አልፈሩም።

"አባይነህ፣ ለሰፈሩ ሁሉ ስትነፋ ኖረህ፣ እኔን ያለ ሰው ልትቀብረኝ ነው?" ይሉ ነበር።

ጋሽ አባይነህ ለዚህ ነው ዛሬ ነገ እያሉ ዕቃ ሳያወጡ የቆዩት። ጎረቤቱ ግን ሄደ፤ ቤቱም ፈረሰ። የእሳቸው ጎጆ ብቻዋን ቀረች።

አንድ ማለዳ እትዬ አስካለ ዐረፉ። ጋሽ አባይነህ ጥሩምባቸውን ይዘው ወጡና ደጃፋቸው ላይ ቆሙ። ፊት ለፊታቸው ያለው ድንጋይና አቧራ ነው። እንዲያም ሆኖ ጥሩምባውን ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ፣ ከፈረሰው ሱቁ የመጨረሻውን መደርደሪያ ሊያወጣ የመጣው ኢስማኤል አያቸው። ወዲያው ገባውና ወደ እሳቸው ሮጠ።

"ጋሼ፣ ሐዘንተኛ ጥሩምባ አይነፋም። የእድሩን ሕግ ያስተማሩን ራስዎ አይደሉ? ይስጡኝ።"

ኢስማኤል ነፍቶ አያውቅም፤ ድምፁ እየተሰነጣጠቀ ወጣ። በአንድ እጁ በስልኩ እየቀዳ ነፋ፤ ከዚያ፣ "የጋሽ አባይነህ ባለቤት እትዬ አስካለ ዐርፈዋል፤ ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!" አለና ቅጂውን ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ላከው።

ከቀትር በፊት ሚኒባሶች ከየዳሩ መድረስ ጀመሩ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ወረዱ። የእድሩ ድንኳንም በአንዱ ጣሪያ ላይ ተጭኖ መጣ። ፍርስራሹን የሚያነሱት ሠራተኞች ይህን ሲያዩ ማሽናቸውን አጠፉ።

ያ ድንኳን በሰፈራችን ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ አያውቅም። ቅያሱ ጠባብ ስለነበር ግማሹን እያጠፍን እንተክለዋለን፤ ለቀስተኛው ተርፎ በየሰው ደጃፍ ይቀመጣል። የዚያን ቀን ግን ቤቶቻችን በነበሩበት ሜዳ ላይ እስከ ዳር ድረስ ተዘረጋ።

ከቀብር መልስ ጋሽ አባይነህ ድንኳኑን ዞር ዞር ብለው አዩት። ጠዋት ያላለቀሱት ሰውዬ ያኔ አለቀሱ።

"አየሽ አስካለ?" አሉ። "ዛሬ ደጅ የቀረ ሰው የለም።"