ባለሙያው ያላየው ሰኔ

በዚያን ቀን ግቢው ውስጥ የነበርነውን ልቁጠር። የዘር ማበጠሪያው ባለቤት ሐጂ አደም ነበሩ። ከአዲስ አበባ ያስመጡት አማካሪ አቶ መስፍን ነበረ። እሱ ይዟት የመጣ፣ ታይፕ የምትመታ ወይዘሪት አልማዝ የምትባል ልጅ ነበረች። የአዲሱን አሠራር ምርቃት እንዲያይ ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት የተጠራ አንድ ሹም ነበረ፤ ስሙን ረስቼዋለሁ። ሚዛን ላይ የሚቆመው ቶሎሳ ነበረ። እኔ ነበርኩ፤ የስድስት ወር ልጄን ሰዓዳን አዝዬ። ከመስኮቱ ፊት ደግሞ አህዮቻቸውን ይዘው የተሰለፉ ሴቶች ነበሩ። የመጀመሪያዋ በሪቱ ነበረች።

ይህን ሁሉ ያስቆጠረችኝ ራሷ ሰዓዳ ናት። ያኔ በጀርባዬ የነበረችው ልጅ ዛሬ ከሃምሳ አልፋለች፤ እዚሁ አሰላ በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ንብረት ክፍል ትሠራለች። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም። ያቀረብኩላትን የገብስ ሾርባ ሳትቀምስ ታማስለው ጀመር።

«እማ፣ ከአዲስ አበባ አማካሪዎች መጥተዋል። ሶፍትዌር ሊያስገቡልን ነው። የምሠራውን ሁሉ አንድ በአንድ አስረጂያቸው ተብያለሁ።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

«አስረድቼ ስጨርስ እኔን ምን ያደርጉኛል ብዬ ነዋ።»

እኔ ከድሮም ፈሪ ነኝ። ልጆቼን ያሳደግሁት የተዘጋ በር ሁለት ጊዜ እየነካሁ፣ የፈላ ውኃ መልሼ እያፈላሁ ነው። ሰዓዳ ይህን ስትለኝ ግን የፈራሁት ለእሷ ብቻ አልነበረም። ሃምሳ ዓመት ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለኝ፤ እሱ ነው የተነሳብኝ።

ንጉሡ ከመውረዳቸው ሁለት ዓመት ያህል በፊት ነው። ባሌ ሹፌር ነበር፤ ናዝሬት ብሎ ወጥቶ ቀረ። እኔ አራተኛ ክፍል አቋርጬ የወጣሁ፣ ገና ሃያ ያልሞላኝ እናት ነበርኩ። ሐጂ አደም የዘር ማበጠሪያቸው መስኮት ላይ አስቀመጡኝ። ያን ጊዜ የጭላሎ ገበሬ የስንዴ ዘሩን በማሽን ማስበጠር መጀመሩ ነው። ጥርና የካቲት ላይ ከሁሩታ፣ ከኢተያ፣ ከሳጉሬ ዘሩን በጆንያ እያመጣ ያስረክበናል፤ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጥል ንጹሑን ይወስዳል። የእያንዳንዱ ሰው ዘር ከሌላው አይቀላቀልም። ይህ የሐጂ ቃል ነበር፤ ገበሬውም የሚያምናቸው ለዚህ ነው።

የማን ጆንያ የት እንዳለ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ዘዴዬ ቀላል ነው። አንድ ቁራጭ አሮጌ ጨርቅ ለሁለት እቀደዋለሁ፤ ግማሹን ጆንያው አፍ ላይ አስራለሁ፣ ግማሹን ለባለቤቱ እሰጣለሁ። ሰኔ ላይ ጨርቁን ይዞ የመጣ ሁሉ ቅዱ ከቅዱ ከገጠመ ዘሩን ይወስዳል። ስም አልጠይቅም። ስም የማልጠይቅበት ምክንያት ነበረኝ። ጥር ላይ ዘር የሚያመጡት ወንዶቹ ናቸው። ሰኔ ላይ ግን ወንዱ ከበሬው ጋር እርሻ ላይ ነው፤ ለመውሰድ የሚመጡት ሚስቶች ናቸው። የአርሲ ሚስት ደግሞ የባሏን አባት ስም አትጠራም። ለጉ ነው፣ ክልክል ነው። ብትሞት አትጠራም።

አቶ መስፍን የመጣው ጥር ላይ ነው። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ በዚያ አቧራ ላይ ጫማው የሚያብለጨልጭ ሰው ነበር። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ አልለውም። ከአንዲት ሣጥን ውስጥ ጠርዛቸው ዙሪያውን የተበሳ ወፍራም ካርዶች አወጣ። በያንዳንዱ ካርድ ላይ የባለዘሩ ስም፣ የአባቱ፣ የአያቱ ስምና የጆንያው ቁጥር ይጻፋል። እንደ ስሙ ፊደል የጠርዙ ቀዳዳ ይቀደዳል። ከዚያ ረጅም ወስፌ በካርዶቹ ውስጥ አሳልፎ ብድግ ሲያደርጋቸው የሚፈለገው ካርድ ብቻ ተለይቶ ይወድቃል። እውነቱን ልናገር፣ ሳየው ወደድኩት። የሰው ልጅ ምን የማያስበው አለ ብዬ ነበር።

ሦስት ሳምንት አጠገቤ ተቀምጦ ጠየቀኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ የትኛው ጥግ ጠል እንደሚገባው፣ የትኛው ጆንያ ነቀዝ እንደሚቀድመው፣ የማን ዘር ከእንክርዳድ ጋር እንደሚመጣ። ጨርቆቹን ግን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «ይህ እድፍ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም» አለ።

«ወረቀት እንስጣቸው ታዲያ?» አልኩት።

«ገበሬ ወረቀት ይጥላል። ስሙን ግን አይጥልም።»

«ጌታዬ፣ ሴቶቹ ሲመጡ ግን...»

«አንቺ የተጠየቅሽውን መልሺ።»

ዝም አልኩ። ያኔ ተንኮል አልነበረብኝም፤ በኋላ እነግረዋለሁ ብዬ ነው።

ግንቦት ላይ የጥናቱ ጽሑፍ በታይፕ ተመትቶ ለሐጂ ደረሰ። ሐጂ ቁርዓን ይቀራሉ፣ የአማርኛ ፊደል ግን አያነቡም። እንደ ልማዳቸው ከከሰዓቱ የአስር ሶላት በኋላ ጠሩኝና «ነይ ልጄ፣ አንብቢልኝ» አሉ። ልጄን እያጠባሁ አነበብኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል ነበር፤ በመስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ አራተኛ ክፍልን ያልጨረሰች ስለሆነች፣ የምታውቀውም ሁሉ ወደ ካርዱ ስለተላለፈ፣ ከሰኔው ምርቃት ጀምሮ አታስፈልግም።

ማንበቤን አቆምኩ። ሐጂ መቁጠሪያቸውን ያዙ። «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። አንዲት ቃል አልዘለልኩም።

«ሐጂ፣ እውነት ያሰናብቱኛል?»

«ልጄ፣ ይህን ሰው ያመጣሁት ሊመክረኝ ነው። ከፍዬ ያመጣሁትን ምክር ካልሰማሁ ሰው ምን ይለኛል?»

አያችሁ ጥፋቱን። ሐጂ ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን ምክር ስለተከፈለበት ብቻ እውነት የሚሆን መሰላቸው። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት እንኳ የበሽተኛው እናት የልጇ ሰውነት ሲቀላ ታስቆመዋለች።

ከዚያ በኋላ የሰዓዳን ወተት ከየት እንደማመጣ እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። ፍርሃቱ ሲያልፍ ሌላ ነገር ተተካ። ሰውዬው የማውቀውን ሁሉ አለበኝ፤ አልቦ ሲጨርስ ላሟ ትውጣ አለ። ሰኔ ሲገባ አቶ መስፍን ደብተሩን ይዞ ለመጨረሻ ጊዜ መጣና «የረሳሁት ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። የመስኮቱን ሥራ ያየው በወንዶቹ ወራት ነው፤ ሴቶቹን አላያቸውም። ይህን ከኔ በቀር የሚነግረው የለም። ዓይኑን አየሁት።

«የለም ጌታዬ» አልኩ።

የካርዱ ምርቃት ቀን ገበያ ነበር። ከጭላሎ የወረደው ጭጋግ እስከ ረፋድ አልተነሳም፤ የባሕር ዛፉ ቅጠል ያንጠባጥባል፤ መንገዱ ጭቃ ነው። በሪቱ ከሁሩታ ወዲያ ጎሕ ሳይቀድ ተነስታ ነው የመጣችው። በየዓመቱ ለእኔ ብላ በቅቤ የታሸ ጭኮ በትንሽ ዕቃ ትይዝ ነበር፤ ያን ቀንም ይዛለች። ተራዋን ስትጠብቅ በኦሮምኛ አጫወተችኝ።

«መሬቱ ዝናብ ጠጥቷል። ባለመሬቱ፣ እስከ ሐሙስ ካልዘራችሁ ትራክተሬን አስገባበታለሁ ብሎናል። ዛሬ ዘሩን ካላደረስኩ አለቀልን።»

ጭሰኞች ነበሩ። በዚያን ዘመን ትራክተር የገባበት መሬት ጭሰኛ መልሶ አይገባበትም። ይህን ሁሉ ሰማሁ። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አልኳት።

ሐጂ ወደ መስጊድ ሄደው ነበር። ቶሎሳ ሞተሩን ሊያስነሳ ወደ ጓሮ ተላከ። አቶ መስፍን ለአውራጃው ሹም ወስፌውን እያሳየ «አንድ ደቂቃ አይፈጅም» ይላል። አልማዝ መስኮቱ ላይ፣ እኔ ከኋላዋ ቆሜያለሁ።

«የባለቤትሽ ስም?»

«ገመዳ።»

ወስፌው አለፈ፤ ሰባት ካርድ ወደቀ።

«የአባቱ ስም?»

በሪቱ ሻሿን ወደ አፏ ሳበች። አልማዝ ደገመችላት። በሪቱ አንገቷን ደፋች። አብረዋት የመጡት ጎረቤቶቿ የዚያው ቤተሰብ ሚስቶች ናቸው፤ ለእነሱም ያው ክልክል ነው። ሌሎቹ አያውቋትም።

«አማርኛ አትሰማም መሰለኝ» አለ ሹሙ።

«ትሰማለች» አለ አቶ መስፍን። ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደ ደንቆሮ ያናግራት ጀመር። «የ-ባልሽ-አባት-ማን-ይባላል?»

«ትልቁ ሰውዬ» አለች በሪቱ ቀስ ብላ።

ሹሙ ሳቀ። «ትልቁ ሰውዬ የሚል ካርድ አለህ?»

አቶ መስፍን ፊቱ ቀላ። ያን ቅላት ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ወስፌውን ጠረጴዛ ላይ ጣለና «የአማቷን ስም የማታውቅ ሴት የት አለች? ይህቺ የሰው ዘር ልትወስድ የመጣች ናት» አለ።

በሪቱ ከእሱ ፊቷን መልሳ እኔን አየችኝ። «ከድጃ፣ አንቺ ታውቂኛለሽ» አለችኝ በቋንቋችን።

አውቃታለሁ። የጆንያዋንም ቦታ አውቃለሁ። አንዲት ቃል ብተነፍስ ያልቅ ነበር። ግን ሹሙ ሳቁን ገና አልጠገበም፣ አቶ መስፍንም ገና አልሰመጠም፤ ትንሽ ይቆይ አልኩ።

«ስሙን ንገሪያቸዋ» አልኳት።

ያየችኝን አስተያየት አልገልጸውም። ጭኮውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠች፣ ባዶ አህያዋን አዙራ ወጣች። ከኋላዋ ያለችውም ተጠየቀች፤ ዝም። ሦስተኛዋም ዝም። የቀሩት ሳይጠየቁ አህዮቻቸውን ማዞር ጀመሩ።

ሐጂ ከመስጊድ ሲመለሱ በሩ ላይ ሴቶቹ ባዶ አህያ እየነዱ ሲወጡ አገኟቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያዩት። በእጃቸው ሴቶቹን አስቆሙና ወደ አቶ መስፍን መጡ።

«አንተ፣ ሚስትህ የአባትህን ስም ትጠራለች?»

«አዎ፣ ምን ችግር አለው?»

«የእነዚህ አይጠሩም። ሦስት ሳምንት ተቀምጠህ ይህን አልሰማህም?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ? ታውቂ አልነበር?»

«የረሳሁት አለ ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ!» አለ አቶ መስፍን ደብተሩን እየገለጠ። «የለም ነው ያለችኝ!»

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። ሁለት ሳምንት ያዘጋጀሁት ይመስል ቃሉ ራሱ ወጣ። «እኔ አራተኛ ክፍል ያልጨረስኩ ነኝ ጌታዬ። ጥያቄው አልገባኝም።»

ሐጂ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ መሳቅ ይሁን መቆጣት ለየሁት አልልም። «ቦታሽ ላይ ተቀመጪ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። የቀሩትን ሴቶች በፊታቸው እየለየሁ፣ የአማቶቻቸውን ስም እኔ እየጠራሁ፣ ጆንያቸውን አስጫንኩ። ከሰዓት በኋላ ማንም አልቀረም። አቶ መስፍን በሳምንቱ ሣጥኑን ይዞ በናዝሬት አውቶቡስ ሄደ፤ ሲሳፈር ልጄን አዝዬ ማዶ ቆሜ አይቼዋለሁ። እንዲያየኝም ፈልጌ ነበር፤ አየኝም።

ቀድማ የወጣችውን በሪቱን ግን ቶሎሳ እስከ ሁሩታ መገንጠያ ሮጦ አልደረሰባትም። ሐጂ ዘሯን በጋሪ ላኩላት፤ ዝናቡ ጥሎ ወንዙ ሞልቶ ነበርና ጋሪው የደረሰው ዓርብ ነው። ትራክተሩ ሐሙስ ገብቷል። በሚቀጥለው ገበያ ቶሎሳ ቤታቸው ባዶ መሆኑን ነገረኝ። ወደ ባሌ አገር ተሻገሩ የሚል ሰው ነበረ፤ ሌላው ደግሞ ወደ ጎሎልቻ ሄዱ አለ። እኔ መስኮቴን አላጣሁም። ልጄ ወተቷን አላጣችም።

ለአቶ መስፍን አላዝንም። ሰውን አልቦ የሚጥል ሁሉ እንዲያ ይዋል። ግን የበቀሌን ዋጋ የከፈለችው በሪቱ ናት።

ለሰዓዳ ሁሉንም ነገርኳት። ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር።

«ታዲያ ምን አድርጊ ነው የምትይኝ?» አለችኝ።

«ንገሪያቸው። ሳይጠይቁሽም ንገሪያቸው፤ አንሰማም ካሉሽ ለአለቃሽ ንገሪ፣ እንዲጻፍም አድርጊ። በጥር ካዩሽ በሰኔም መጥተው አጠገብሽ ይቀመጡ በይ። አለቃሽም የገዛውን ምክር እንደ ገበያ በግ ጥርሱን አይቶ ይቀበል። ሊያሰናብቱሽ ከፈለጉ ግን ፊት ለፊት ተጣያቸው። መስኮቱ ጋ የቆመውን ሰው መሣሪያ አታድርጊው።»

ሰዓዳ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እና ያቺ ሴትዮ? ከዚያ ወዲያ አልፈለግሻትም?» አለች።

አልፈለግኋትም። ፈርቼ ነው። አሁን ግን እፈልጋታለሁ። ከሁሩታ ወዲያ የነበረች በሪቱ የምትባል፣ ባሏ ገመዳ፣ አማቷ ቱፋ፣ በዚያ ሰኔ መሬታቸውን ለቀው የሄዱ ቤተሰብ ናቸው። እሷን ወይም ልጆቿን የሚያውቅ ሰው ካለ፣ በሕይወት መኖሯንና የት እንደደረሱ ይንገረኝ።