ሽማግሌው ሲናገሩ

ደብረ ታቦር፣ ከመሥሪያ ቤታችን አዳራሽ ውስጥ ማይክሮፎኑ ሲያፏጭ ጆሮዬን ያዝኩ። አሰልጣኙ ስለ ግጭት አፈታት ሊያስተምሩን «ከኋላ ይሰማል?» እያሉ ይጮሃሉ። የእኔ ልብ ግን ጉና ተራራ ሥር፣ ከገብስ ማሳችን ዳር ካለው የኮሶ ዛፍ ሄዷል።

ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አባቴና ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ፣ ድንበር ገፋህ አልገፋሁም ተባብለው ተጣሉ። አባቴ ሲብስበት፣ «ብሞት እንኳ ቀብሬ ላይ እንዳይቆም!» ብሎ ገዘተ። በእኛ አገር ይህ ቃል በዋዛ አይወጣም። እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ደግሞ አጎቴን እወደው ነበር፤ በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገኝ እሱ ነው።

በሦስተኛው ቀን የአገሩ ሽማግሌ መጡ፤ ከሲታ፣ ጭራ የያዙ ሰው። ወንድማማቾቹን ከኮሶው ሥር አንዱን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ አስቀመጧቸው። ቤተሰቡ ሁሉ ከቦ ተቀመጠ። የእኛ ዘር ሲያወራ ከማዶ ይሰማል፤ ሁለቱም እየተቀባበሉ ጮሁ። ሽማግሌው በጭራቸው ዝንብ ያባርራሉ።

ጩኸቱ ሲደክም ተናገሩ። ግን ምን ልንገራችሁ፣ ዳዊት ለራሱ እንደሚደግም ሰው በቀስታ ነበር።

«ምን አሉ አንቱ?» አለ አባቴ።

አልደገሙለትም፤ ቀጠሉ። ነፋሱ ቃላቸውን ይወስደዋል። አባቴ ከተቀመጠበት ድንጋይ ተነሥቶ ጠጋ አለ። አጎቴም ጠጋ አለ። ሽማግሌው ድምፃቸውን የባሰ ዝቅ አደረጉ። የሚያወሩት ስለ አያቴ ነበር፤ ያንን ማሳ ከሁለቱ ልጆቹ ጋር ድንጋዩን ለቅሞ እንዴት እንዳቀናው። ልብ ብዬ ሳይ የወንድማማቾቹ ጉልበት ተነካክቷል። እስከ ዛሬ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም።

«አንድ ጋቢ ለብሳችሁ ያደጋችሁ ልጆች ናችሁ» አሉ ሽማግሌው። «ድንበሩን ነገ በገመድ እንለካዋለን። ግዝትህን ግን ዛሬ አንሳልኝ። እኔም ሟች ነኝ፤ ይህን ይዤ አልሂድ።»



«አንሥቻለሁ» አለ አባቴ። እንዲያ የሚጮኸው ሰው፣ ቃሉን የሰማነው ቅርብ የነበርነው ብቻ ነን።

ሽማግሌው ካረፉ ቆዩ። ባለፈው ክረምት ደግሞ አባቴ ሞተ። አጎቴ ከመቃብሩ ራስጌ ቆመ። ለቀስተኛው ሁሉ እየጮኸ ሲያለቅስ፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ለወንድሙ አንድ ነገር በቀስታ ነገረው። ጠጋ አልኩ። አልሰማሁትም።