ጋሽ ደጉ የሰፋው ኳስ

ደጉ ቁጡ ሰው አልነበረም። አስቆጡት እንጂ። ይህን አስቀድሞ መናገር ይገባል፤ ምክንያቱም ልደታ ሠፈር ውስጥ ስሙ ሲነሳ «ያ ክፉ ጫማ ሰፊ» የሚሉ አሉ። እንዲህ የሚሉትም ክፉ ያደረጉት ራሳቸው ናቸው።

ከልደታ ማርያም አጥር ፊት ለፊት፣ በአንዲት ቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሃያ ዓመት ጫማ ሰፍቷል። ጫማ እንጀራው ነበር፤ ኩራቱ ግን ኳስ ነው። በደርግ ዘመን ኳስ እንደ ልብ አይገኝም። አንድ የቆዳ ኳስ በስንት ልመና ከተገኘ እስኪበጣጠስ ይለጋል፤ ሲበጣጠስ ወደ ደጉ ይመጣል። እሱም አሥራ ስምንቱን ቁራጭ ፈትቶ፣ አየር የሚይዘውን የውስጡን ከመነዳሪ ለጥፎ፣ ክሩን ሦስት ጊዜ በሰም አሽቶ መልሶ ይሰፋዋል። ቆዳ የሚሠራን ሰው አገሩ በምን ዓይን እንደሚያይ ከልጅነቱ ያውቃል። ኳስ ሲሰፋ ግን ጎረምሳው ሁሉ ከቦ «ጋሽ ደጉ፣ ጋሽ ደጉ» ይለዋል። ያቺ «ጋሽ» በላቡ ያገኛት ናት።

ልደታ «ኮከብ» የሚባል ቡድን ነበረው፤ ተክለ ሃይማኖት ደግሞ «መብረቅ»። የሁለቱ ነገር እሳትና ጭድ ነው። በስድሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ከአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ወዲህ ባለው ሜዳ ላይ መብረቅ ሦስት ለባዶ እየመራ ዕረፍት ወጡ። ከዚያ ዝናቡ ወረደ፤ ሜዳው ማጥ ሆነ። ሌላ ኳስ ቢሆን ውሃ ጠጥቶ ድንጋይ ይሆን ነበር። የደጉ ኳስ ግን ጠብታ አላስገባም፤ ኮከብ አራት ለሦስት አሸነፈና ደጉን በትከሻ ተሸክመው እስከ ቤቱ አደረሱት። በስድሳ ዘጠኝም ተጋጠሙ። የዚያን ዓመት ሰው ጮክ ብሎ መደገፍ እንኳ ፈርቶ ነበርና ዘጠና ደቂቃው እንደ ለቅሶ ቤት ዝም ብሎ አለቀ፤ ባዶ ለባዶ።

ደጉን የጎዳው የሰባ ሦስቱ ነው። ለአብዮት በዓል ዋንጫ ነበር፤ የዚያን ዕለቱንም ኳስ የሰፋው እሱ ነው። መብረቅ አቻ ከወጣ ዋንጫው የእሱ ነው፤ ኮከብ ግን ማሸነፍ አለበት። እኩል እንደሆኑ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀር የኮከብ አምበል ዘነበ ከሩቅ ለጋት። ኳሷ ከሊፋ የሚባለውን የመብረቅ በረኛ አልፋ ሄደች፤ ወዲያው «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ መረቡ ሥር ያረፈው የተነፈሰ ነገር ነበር። ልደታ በሙሉ እየጨፈረ ሜዳ ገባ። ዳኛው ግን እጁን አወዛወዘ።

«አልገባም! መስመሩን ሳታልፍ አየር ላይ ነው የፈነዳችው! የገባው ኳስ አይደለም፤ ቆዳ ነው!»

ግርግሩ እስኪበርድ ኳሱ የገባበት ጠፋ። ዋንጫው ወደ ተክለ ሃይማኖት ሄደ። በዚያው ምሽት እንዲህ የሚል ዘፈን ተወለደ፦

«ኳስ ጠፋና በልደታ፣
ቆዳ ገባ በጨዋታ።»

ደጉ ይህን ይችለው ነበር፤ ጠላት ቢሳደብ ምን ይገርማል። ያቃጠለው የራሱ ሠፈር ነው። በማግስቱ የአብዮት ጥበቃዎች መጥተው ከወስፌው ላይ አስነሱት። «በአብዮት በዓል ላይ አሻጥር ሠርተሃል» ተባለ። የመሰከረበት ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ዘነበ። ታኬታውን በነጻ የሰፋለት፣ «ልጄ» የሚለው ዘነበ! «የመብረቁ በረኛ ከጨዋታው በፊት እሱ ጋ ተቀምጦ አይቻለሁ» አለ። ከሊፋ የተቀመጠው ለጫማ ነበር፤ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሌላ ለምን ይቀመጣል? ደጉ አራት ቀን ቀበሌ ወለል ላይ ተኛ። ሲፈቱት «ይቅርታ» ያለው አልነበረም፤ «ዳግመኛ እንዳይለምድህ» ነው የተባለው።

ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ማንም ኳስ አላመጣለትም። ጫማ ያመጣሉ፤ ሲያነሱ ስፌቱን ሳብ ሳብ አድርገው ይሞክሩታል። ያቺ ሳብ ሳብ ጥርሱን ታስነክሰዋለች። ዘነበማ በየጠዋቱ ሲያልፍ ምንም እንዳልተፈጠረ «እንደምን አደሩ ጋሽ ደጉ» ይላል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ደጉ መልስ ሰጥቶት አያውቅም።

«አንድ ቀን እንኳ እግዚአብሔር ይመስገን በለው፤ ሰባት ዓመት ቂም ምን ይሠራልሃል?» ትለዋለች ሚስቱ ሸዋዓለም።

«ክሬ አልተበጠሰም» ይላታል። «ኳሱን ያምጡልኝና በእጄ ልየው፤ ክሬ ከተበጠሰ ወስፌዬን ጥዬ ዘበኛ እሆናለሁ።»

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ አንድ ዓርብ ጠዋት፣ ከሊፋ ዘንቢል አንጠልጥሎ መጣ። ጸጉሩ ገባ ገባ ብሏል፤ አሁን የመብረቅ አሠልጣኝ ነው። ሳይቀመጥ ዘንቢሉን ገለበጠው። ሰባት ዓመት የጠፋው ኳስ ደጉ እግር ሥር ዱብ አለ።

«እኔ ነኝ የደበቅሁት» አለ ከሊፋ። «ከመረቡ ሥር አንስቼ ማሊያዬ ውስጥ ከተትኩት። እሑድ ከኮከብ ጋር ጨዋታ አለን፤ ያለን ኳስ ተበጣጠሰ፤ ሌላም አጣን። ይህንን ይዤ መርካቶ አንድ ሰፊ ጋ ሄድኩ። እያገላበጠ አይቶ ‹ይህን ስፌት እኔ አልነካም፤ የሰፋው ሰው በሕይወት ካለ ለሱ ውሰድ› አለኝ። አፈርኩ፣ ጋሽ ደጉ።»

ደጉ ኳሱን ጭኑ ላይ አድርጎ በአውራ ጣቱ ስፌት ለስፌት ሄደበት። አንድ ክር አልላላም። አንዱ ቁራጭ መሐል ላይ ግን ቀዳዳ አለ፤ ዙሪያው በዝገት ቀልቷል። ሚስማር! ያንን ጎል ደጉ ያውቀዋል፤ ሚስማር ቋሚው ላይ አልነበረም። የነበረው ከኋላ፣ መረቡን ወጥሮ በሚይዘው እንጨት ላይ ነው፤ ከመስመሩ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ። ኳሷ የፈነዳችው ከገባች በኋላ ነው!

«አንተ ታውቅ ነበር» አለ ደጉ። «ቀበሌ ወለል ላይ ስተኛ ታውቅ ነበር! በየመንገዱ ‹ቆዳ› ሲሉኝ ታውቅ ነበር!»

«ዋንጫ ነበር፣ ጋሽ ደጉ» አለ ከሊፋ አንገቱን ደፍቶ።

ደጉ ወስፌውን ጨብጦ ተነሳ። ሊወጋውም አስቦ ነበር፤ ይህን አልክድም። ከዚያ ሌላ ነገር ታየው። «ቁጭ በል፤ ከዚህ እንዳትነቃነቅ!» አለና ኳሱን አቅፎ የኮከብ ሰዎች ወደሚያዘወትሩት ሻይ ቤት ገሰገሰ። በመንገዱ ላይ የሚሉትን ሁሉ በሐሳቡ ሰማው፤ «በደልንህ፣ ጋሽ ደጉ» ሲሉ፣ ዘነበ እግሩ ላይ ሲወድቅ። ሰባት ዓመት ሲጠብቀው የኖረው ይኸው ነው።

ኳሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረውና ቀዳዳውን አሳያቸው። ነገሩ እስኪገባቸው ጊዜ አልወሰደም።

«ገብቶ ነበር!» ብሎ ዘነበ ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ። «ጎሌ ገብቶ ነበር! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አይደል የሚባለው!»

ሻይ ቤቱ ቀለጠ። ተቃቀፉ፤ ጠረጴዛ ደበደቡ። አንዱ «ዋንጫችንን ይመልሱ፣ ለፌዴሬሽን እንጻፍ» አለ። ሌላው ኳሱን ከፍ አድርጎ ይዞ ጨፈረ። ዘነበ የደጉን ትከሻ መታ መታ አደረገና «ጎሌን አገኙልኝ እኮ፣ ጋሽ ደጉ!» አለው።

ደጉ ቆሞ ጠበቀ። ሻይ መጣ፤ ጠጡ። ሁለተኛ መጣ፤ እሱንም ጠጡ። ስለ ጎሉ፣ ስለ ዳኛው፣ ስለ ዋንጫው አወሩ። ስለ አራቱ ቀን አንድ ሰው አልተነፈሰም። ረስተውት እንኳ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ግን አልረሱም፤ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ያኔ ከመብረቅ ይልቅ እነዚህን እንደሚጠላ ደጉ ገባው፤ ንዴቱም ሰባት ዓመት ካንገበገበው ሁሉ ባሰ።

ኳሱን ከያዘው ሰው እጅ ነጠቀና ወጣ።

ከሊፋ እንደታዘዘው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ደጉ የቀዳዳውን ቁራጭ ፈታ፤ ከመነዳሪውን አውጥቶ ለጠፈ፤ በሚስማሩ የተበሳውን ቆዳ ጥሎ በልኩ አዲስ ቆረጠ። ክሩን በሰም ማሸት ሲጀምር የኮከብ ሰዎች እየሮጡ ደረሱ።

«ምን እያደረጉ ነው?» ብሎ ዘነበ ጮኸ። «ማስረጃው እኮ ነው! ጎሌ!»

ደጉ ቀና ሳይል አዲሱን ቆዳ ገጠመ። ወስፌው ወጣ ገባ አለ። ሲጨርስ ክሩን በጥርሱ በጠሰና ለመጀመሪያ ጊዜ በሰባት ዓመት ውስጥ ዘነበን ፊት ለፊት አየው።

«ጎልህ እዚህ ውስጥ ነው» አለው፤ «ሰፍቼበታለሁ። እኔ አራት ቀን ስተኛ ማስረጃ የጠየቀ አልነበረም። አሁን ደግሞ ከእኔ ማስረጃ አትጠብቅ።»

ኳሱን ለከሊፋ ወረወረለት። ከሊፋ ሂሳብ ለመክፈል እጁን ኪሱ ሲከት «ሂድ ከፊቴ፤ አንተንም አልማርኩህም» አለው።

እሑድ ዕለት ደጉ ሜዳ አልሄደም። ጩኸቱ እስከ ቤቱ ይሰማ ነበር፤ ቆርቆሮውን ሲጠጋግን ዋለ። ወደ ማታ ሸዋዓለም ከሜዳው በኩል እያለከለከች መጣች።

«አልቋል» አለች፤ «ዘነበም እዚያ ነበር፤ ሰላም በይልኝ ብሎኛል። ያገባው ደግሞ—»

«ኳሱስ?» አላት።

«ኳሱ ደህና ነው።»

«በቃ» አለና መዶሻውን አነሳ።