ገመዱን የያዘው እጅ

ባልደራስ የሚሉት ሹመት ኖሮት አይደለም። ከጋጣው ሰዎች ሁሉ የቆየው እሱ ስለነበር ግማሹ ለክብር፣ ግማሹ ለቀልድ ያወጡለት ስም ነው፤ ኋላ ሚስቱም ስትቆጣው በዚሁ ስም ትጠራው ጀመር። በግልቢያ ክበቡ ውስጥ ግን ስሙ አንድ ቁም ነገር ነበረው። ውድድር ባለ ቁጥር ፈረስ ኮርቻ ከመጫኑ በፊት ባልደራስ ገመዱን ይዞ በድንጋይ ንጣፉ ላይ በሶምሶማ ያመላልሰዋል። ራሱን እንዴት እንደሚያወዛውዝ ያያል፣ ኮቴው እንዴት እንደሚመታ ያዳምጣል፤ ከዚያ ወይ «ይውጣ» ይላል፣ ወይ «ይቅር»። ከቃሉ በላይ ቃል የለም። የክበቡ ኃላፊ እንኳ አንድ ቀን ልትከራከረው ሞክራ «እንግዲያው አንቺ ጋልቢው» ሲላት ፈረሱን ወደ ጋጣው አስመልሳዋለች።

የዚያን ቀን ጠዋት የዳማዋን ባዝራ ግራ የፊት እግር በእጁ ሲዳስስ ከኮቴዋ በላይ ሙቀት ተቀበለው። ትንሽ እብጠትም አለ፣ የባቄላ ፍሬ ታህል። ትላንት በልምምድ መሰናክሉን ገጭታ ይሆናል። ተጫናት፤ እግሯን ሳብ አደረገች፣ መልሳ ተወችው። በዚያች ቅጽበት ደረቱ ላይ የከረመ አንድ ነገር ቀለል አለው። ምን እንደሆነ ግን ራሱን አልጠየቀም።

ዳማዋን የሚጋልባት ታናሽ ወንድሙ ነበር።

እናቷ ስትሞትባት በጡጦ ያሳደጋት ባልደራስ ነው። መጀመሪያ ኮርቻ የጫነባትም፣ መጀመሪያ ከጀርባዋ የወደቀውም እሱ ነው። ኋላ ጉልበቱ ተበላሸና ሐኪሙ ግልቢያ ከለከለው። ታናሽየው ወጣባት። ያስተማረው እሱ ራሱ ሲሆን፣ ልጁ ግን ካስተማረው በላይ ሆነ፤ ከጀርባዋ ላይ የበቀለ ይመስል ነበር። ሰው በማያውቀው ባለጠጋ ብዙም አይቀናም። የሚቀናው በገዛ እጁ ኮርቻ ላይ ደግፎ ባወጣው ሰው ነው። ይባስ ብላ ሚስቱ ቁርስ ላይ፣

«ወንድምህን ትላንት ሲዘል አየሁት። አይ አንተ! በደህና ጊዜህ እንኳ እንዲህ አልነበርክም» ብላው ነበር። ውስጡ እያረረ ጥርሱ ሳቀ።

«ጋሼ፣ እንዴት አደርክ? እሷስ እንዴት አደረች?» ታናሽየው ኮርቻውን ተሸክሞ ደረሰ።

«እግሯ ይሞቃል።»

ወንድምየው ቁጢጥ ብሎ ዳሰሳት። «ይቺማ ትንኝ ናት።»

«ትንኝ እንደ ባቄላ ያሳብጣል?»

«ትንኟ እዚህ ጋጣ ከርማ ከጠገበች ታሳብጣለች!» ሳቀ፤ ወዲያው ግን ሳቁ ጠፋ። «ዛሬ ካልዘለልኩ ከብሔራዊ ቡድኑ ምርጫ ወጣሁ ማለት ነው ጋሼ። ቢሆንም አንተ አትውጣ ካልክ አልወጣባትም። እሷን ሰብሬ ቡድኑ ምን ያደርግልኛል?»

ክፉ ቢሆን ምን ነበረበት! ክፉ ወንድም ላይ መቅናት እንዴት በቀለለ።

ባልደራስ ገመዱን ያዘና ወደ ንጣፉ አወጣት። በሶምሶማ ነዳት። ግራ እግሯ መሬት በነካ ቁጥር ራሷ ወደ ላይ ይነሳል፣ ቀኙ ሲነካ ወደ ታች ይወርዳል፤ የማነከስ ምልክቱ ይኸው ነው። መለሳት፤ አሁንም ያው። ወንድሙ ኮርቻውን ቀስ ብሎ አጥሩ ላይ አስቀመጠ። ባልደራስ «ትቅር» ሊል አፉን ሲከፍት፣ ለፈረሶቹ ብረት የሚመታላቸው ባለ መዶሻው ከወዲያ ጮኸ፦

«አንተ ባልደራስ! ልትፈትናት ነው ወይስ ልታንቃት? ገመዱን ልቀቅላት እንጂ! የምታነክሰው እኮ አንተ ነህ!»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ባልደራስ እጁን አየ። ጉልበቱ ከተበላሸ ወዲህ ሁልጊዜ ገመዱን ክንድ ያህል አላልቶ ነበር የሚይዘው፤ አለዚያ የእሱ ማነከስ በገመዱ አልፎ የፈረሱን ራስ እንደሚያወዛውዝ ከማንም በላይ ያውቃል። ዛሬ ግን ከአገጯ ሥር ጨምድዶ ይዟት ነበር። ገመዱ መዳፉ ላይ ሰንበር አውጥቷል። እሱ አላዘዘውም፤ እጁ በራሱ ሥልጣን የፈረደ ይመስል ነበር።

አላላላትና እንደገና ነዳት። ራሷ አልተነቃነቀም። ኮቴዎቿ እኩል መቱ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። የእግሯ ሙቀት ግን አለ፤ እሱ ውሸት አይደለም። ለሌላ ጋላቢ ቢሆን ምን እል ነበር? ብሎ አሰበ። «ቀዝቃዛ ውሃ አድርጉላት፣ ትውጣ» እል ነበር። ያንኑ አለ።

አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ወንድሙ ወደ ሜዳው ገባ። ባዝራዋ የመጀመሪያውን መሰናክል ዘለለች፣ ሁለተኛውን ዘለለች። ሰው ሁሉ ዝላዩን ሲያይ ባልደራስ የሚያየው ግራ እግሯን ብቻ ነበር፤ ባረፈች ቁጥር ትንፋሹን ይውጣል። ለእሷ የፈራ መስሎት ነበር። የመጨረሻውን ዘላ ደህና ስታርፍ፣ ጭብጨባው ሲያስተጋባ፣ እሱም ሲያጨበጭብ፣ ልቡ ግን ቅር አለው። ያኔ ገባው። እየጠበቀ የነበረው እንድታነክስ ነው። በጡጦ ያሳደጋት ባዝራ እግሯ እንዲታጠፍ፣ ወንድሙም አቧራው ላይ እንዲወርድ፣ እሱም «አላልኳችሁም?» እንዲል።

ታናሽየው ወርዶ መጣና አንገቱ ላይ ተጠመጠመበት። «ጋሼ! አንተ ባትፈቅድ ኖሮ!»

«እሺ፣ እሺ፣ ሰው ያየናል» ብሎ አላቀቀው።

ከሰዓት በኋላ ባለ መዶሻው መሣሪያውን ሲሰበስብ ባልደራስ አጠገቡ ቆመ።

«ከእንግዲህ ወንድሜ በሚወጣበት ቀን ገመዱን አንተ ያዝ።»

«ምነው? መቼ ተሳሳትክ? እግሯ ደህና ነው።»

«ደህና መሆኑን ሳይ ከፋኝ።»

ባለ መዶሻው ሊቀልድ አፉን ከፈተ፤ የባልደራስን ፊት ሲያይ ግን ቀልዱን ተወው። «ወንድምህንስ ምን እንበለው?» አለ።

«እኔው እነግረዋለሁ።»

ወንድሙ ከጋጣው በር ላይ እያፏጨ ባዝራዋን ያጥባል። ባልደራስ ሊነግረው አጠገቡ ደረሰ። ግን ባዶውን ባልዲ አንስቶ ውሃ ሊቀዳ ሄደ። ሞልቶ ተመለሰ፤ ሌላውን አነሳ።

«ኧረ ጋሼ፣ ይበቃል! ልታሰምጣት ነው እንዴ?»

ባልደራስ ባልዲውን አስቀመጠ።

«ስማማ» አለው፣ «ማፏጨቱን ተውና ወዲህ ና።»