የስለቴ መጋረጃ

ልጄን ኩፍኝ ይዟት ዓይኗ ሊጠፋ በደረሰ ጊዜ ለእመቤታችን ተሳልሁ። ዓይኗን ብታተርፊልኝ፣ ሥዕልሽን በገዛ እጄ አስጊጬ በኅዳር ጽዮን ለደብርሽ አገባለሁ አልኋት። ልጄ አየች። ዛሬም ታያለች፤ የኔን ጉድለት ሳይቀር ታያለች።

ሥዕሉን የሣልሁት እኔ አይደለሁም፤ ከገበያ የተገዛ የወረቀት ሥዕል ነው። የኔ ሥራ ዙሪያው ነበር። በስንደዶና በአክርማ ሰፋሁት፤ ቀይ ቆዳ ለበጥሁበት፤ በዶቃና በመስታወት ስባሪ አስጌጥሁት። ክረምቱን ሙሉ ፈጀብኝ።

በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ የሆኑ ሽማግሌ ጎረቤታችን መጡ። እዚሁ ከተማችን ፒያሳ ባለው አዳራሽ የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን ሊከፈት ነው፤ ዳኞች አይተው ይሸልማሉ አሉ።

«እቴ፣ የሴት ሥራ ጎድሎብን ልናፍር ነው። ያን ሥዕል አምጪው።»

«የስለት ነው፣ አያ።»

«ልንበላው ነው እንዴ? ሦስት ቀን ሰው ይየው፣ ከዚያ ትወስጅዋለሽ።»

ባለቤቴ ቄስና የዜማ መምህር ናቸው። ተማሪው ሁሉ የኔታ ስለሚላቸው እኔም የኔታ እላቸዋለሁ። እሳቸውም ሰምተው ሲያበቁ፣ «ይሂድ፤ ግን እመቤታችን ፊቷን ተገልጣ ከቅልና ከጭልፋ ጋር አትሰለፍም። መጋረጃ ይደረግላት» አሉ። እውነታቸውን ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሏ መጋረጃ አለው፤ በጸሎት ሰዓት ካህን ይገልጠዋል እንጂ አላፊ አግዳሚ አይነካውም።

ለመጋረጃ የሚሆን ጨርቅ አልነበረኝም። የዱቄት ከረጢት ተርትሬ አጠብሁ፤ ማኅተሙ አልለቅ አለ። ማኅተሙን ልሸፍን የልጄን አሮጌ ቀሚስ ጥለት ሰፋሁበት። ጥለቱ አልበቃ ሲል፣ ጣሊያን ጥሎት ከሄደ ካፖርት የተረፉ ቁልፎች ደረደርሁበት፤ ከሥዕሉ የተረፈች የቆዳ ቁራጭም ጨመርሁ። አንድ ጠዋት እንኳ አልፈጀብኝም። ለሦስት ቀን ነው ብዬ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ሥራዬ ተሰቀለ። ያኔ ፊደል አልቆጠርሁም ነበርና ጸሐፊው ባቀረቡልኝ ወረቀት ላይ በጣቴ ፈረምሁ። ከፈረምሁ በኋላ፣ «አንደኛ የወጣው አዲስ አበባ ይሄዳል፤ እዚያው ይቀራል» አሉኝ።

«ምነው አያ፣ ይህን ትናንት ቢነግሩኝ?»

«አንደኛ ትወጫለሽ ያለሽ ማን ነው?»

ያጽናኑኝ መስሏቸው ነው።

ሦስቱን ቀን፣ ሥራዬን በዳኞቹ ፊት አስንቂልኝ ብዬ እመቤታችንን ለመንኋት። እየለመንሁም የሌላውን ሥራ በዓይኔ ጥግ አያለሁ፤ ከኔ የሚበልጥ አጣሁ። ይህንንም ለንስሓ አባቴ ነግሬያለሁ።

ዳኞቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ የትምህርት ቤት ዲሬክተር፣ አንዱ ሥዕል የሚያስተምር ፈረንጅ። በመጨረሻው ቀን ከኔ ሥራ ፊት ሲደርሱ ፈረንጁ መጋረጃውን ሊገልጥ እጁን ሰደደ። ዲሬክተሩ ክንዱን ያዘው።

«ተው! ቄስ ነህ?»

ፈረንጁ ደንግጦ ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ሌላ የሚያየው ስላጣ መጋረጃውን ያይ ጀመር። ጎንበስ አለ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ማኅተሙ ከጥለቱ ሥር ብቅ ያለበትን አፍንጫው እስኪነካ ተጠግቶ አየና በቋንቋው ብዙ ተናገረ።

«ከወዳደቀ ነገር እንዲህ ያለ ቅንብር አይቼ አላውቅም ይላል» አለ ዲሬክተሩ።

ክረምቱን ሙሉ የለፋሁበት ሥራ ከሥር ተሸፍኖ፣ ሰው የዱቄት ከረጢት ያደንቃል። ምላሴን በላኝ።

«ከሥሩ እኮ…» አልሁ።

የኔታ ከኋላዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ከሥሩ እመቤታችን ናት፤ እሱንማ እናውቃለን» አለ ዲሬክተሩ፤ ተሳልሞ አለፈ።

ከቀትር በኋላ ጸሐፊው ውጤቱን ጮክ ብለው አነበቡ። «አንደኛ፦ ከልዩ ልዩ ነገር የተሠራ መጋረጃ!» ሰው አጨበጨበ። ሁለት ዘበኞች ሥዕሉን ከነመጋረጃው ሊያወርዱ መጡ።

«አያ፣ የተሸለመው ምኑ ነው?» አልሁ።

ጸሐፊው ወረቀታቸውን ደግመው አዩ። «መጋረጃው።»

«እንግዲያው መጋረጃውን ውሰዱ።»

የኔታ ሥዕሉን በጋቢያቸው ጋርደው መጋረጃውን አወጡላቸው። ጸሐፊው፣ «ይህች ሴት ጠበቃ መሆን ነበረባት» አሉ።

ሽልማቱ አራት ክንድ ሐር ነበር። ሌላ መጋረጃ ማሰብ አላስፈለገኝም። በኅዳር ጽዮን ሥዕሉ ከነሐሩ ደብሯ ገባ፤ ስለቴም ደረሰ። የዱቄት ከረጢቴ አዲስ አበባ በመስታወት ውስጥ ተሰቅሎ ትልልቅ ሰዎች ያዩታል አሉ። የክረምቱን ሥራዬን የሚያየው ግን በጸሎት ሰዓት የተገኘ ብቻ ነው።

ልጄ በየበዓሉ ከሴቶቹ ወገን ከፊት ትቆማለች። ካህኑ ሐሩን ሲገልጡ ትክ ብላ ታያለች። አንድ ቀን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣

«እማ፣ በስተግራ አንድ ዶቃ ወልቋል» አለችኝ።

ለኔ ዓይን አይታይም። ተመስገን አልሁ።