ጥቀርሻ የወረደበት ነጭ ልብስ

ፍቅርተማርያም ከመተማ ድንበር ማዶ ርቃ ባለች፣ ባሕሪ በምትባል ከተማ ልብስ እያጠበች የምትኖር ሴት ናት። ሐበሻው እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚለብሰው ነጠላና ጋቢ አብዛኛው በእሷ እጅ ያለፈ ነው። የአገሩ ደቡብ ከተገነጠለ ወዲህ ግን፣ ኑሮው ጣራ ሲነካ፣ ጎረቤቷ ጋሽ ባዬ አዲስ ሥራ ጀመረ። የተጣለ የኤሌክትሪክ ገመድ እየሰበሰበ ግቢው ውስጥ ያነድዳል፤ ላስቲኩ ተቃጥሎ ሲያልቅ መዳቡን ይሸጣል።

ያንን ጭስ ብሎ መጥራት ይከብዳል። ወፍራም፣ ቅባት ያለው፣ ምላስ ላይ የሚለጠፍ ነገር ነው። እንትፍ ስትል ምራቋ ጥቁር ነው። አፍንጫዋን የጠረገችበት ጨርቅ ድስት ያወረዱበት ይመስላል፤ እንጀራው ሳይቀር ላስቲክ ላስቲክ ይላል። ቢሆንም ቻለችው፤ ከመተማ ተሻግራ ስትመጣ ያስጠጋት ባዬ ነውና። የስድስት ዓመት ልጇ የናርዶስ ደረት ግን ያፏጭ ጀመር። ሐኪሙ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጥቶ፣ «ይኼ ያስታግሳል እንጂ ጭሱ ካልራቀላት አንድ ቀን ትንፋሿ ይዘጋል» አላት።

ሄዳ ለባዬ ነገረችው።

«ማሌሽ፣ አይዞሽ ፍቅርተ! ጭስ እኮ ትንኝ ያባርራል» ብሎ ሳቀ። «ልጅቷን ንፋስ መትቷት ነው። መስኮቱን ድፍን አድርጊ።»

እሷም ንፋስ ትፈራለችና ደፈነችው። ጭሱ በበሩ ሥር ገብቶ መውጫ አጣ፤ የናርዶስ ከንፈር ጠቆረ። ፍቅርተማርያም በሩን በርግዳ፣ ልጇን አቅፋ ጭሱ እስከማይደርስበት ወንዝ ዳር ሮጠች። እዚያ ልጅቷ መድኃኒቷን ስባ ቀስ በቀስ ተነፈሰች። እናትየው አፈር ላይ ተንበርክካ አመሰገነች።

በሳምንቱ ባዬ የልጅ ልጁን የክርስትና ልብስ አመጣላት። «ያላ፣ ቶሎ በይ፣ ለእሑድ እንደ ጥጥ አድርጊልኝ!»

አጥባ አሰጣች፤ እሱም እንደ ልማዱ አነደደ። ቅዳሜ ሊወስድ ሲመጣ ልብሱ የከሰል ጆንያ መስሎ ጠበቀው።

«ምንድን ነው ይኼ? ይከረፋል እኮ!» አፍንጫውን ያዘ።

«ያንተው ጭስ ነው፣ ጋሼ።»

«መልሰሽ እጠቢያ!»

«ሁለቴ አጠብኩት፤ በረኪናም አልበገረው። እሳቱ ካልጠፋ አልነካውም። ለዚህስ ሳሙና አለ፣ የልጄን ደረት በምን ልዘፍዝፈው?»

ናርዶስ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ታስል ነበር። ባዬ አንዴ ልጅቷን፣ አንዴ ልብሱን አየ። ከዚያ እጣቢ የሞላውን ሳፋ አንሥቶ ወደ ግቢው ገባና እሳቱ ላይ ደፋው። ከበፊቱ የባሰ ክርፋት ተነሣ።

ፍቅርተማርያም አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና «ተመስገን» አለች።

«ኸላስ፣ በቃ!» አለ ባዬ ከግንቡ ማዶ እያሳለ። «ከእንግዲህ ላስቲኩን በቢላ ነው የምልጠው!»

አመነችው። ልብሱን ለሦስተኛ ጊዜ ዘፈዘፈችው።