ጋምበሪ የሚወጣበት ምሽት

ለንደን፣ ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ውስጥ ሻንጣ እሸጣለሁ። ከጎኔ ያለው ዓሣ ሻጭ ጠዋት ጠዋት ሽሪምፑን በረዶ ላይ ሲዘረግፍ ሽታው ተንደርድሮ እኔ ሱቅ ይገባል። ደንበኞቼ አፍንጫቸውን ይዘው ስለ ሻንጣው ጎማ ይጠይቁኛል። እኔ ደግሞ አፌ ዋጋ እየጠራ ልቤ አሰብ ይደርሳል። እነሱ ገና ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ እንኳን አልደረሱም።

ልጅ እያለሁ አባዬ አሰብ ወደብ ላይ ክሬን ይነዳ ነበር። ሽሪምፕን እኛ ጋምበሪ ነበር የምንለው፤ ጣሊያን ትቶልን የሄደው ስም ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከጨው ማምረቻው ወዲያ፣ ባሕሩ በጠባብ አፍ ገብቶ የተኛበት ሐይቅ ነበር። ውኃው ከአዋቂ ጉልበት አይበልጥም፤ እኔን ግን ወገቤ ይደርስ ነበር። ሰው ከሥራ ሲወጣ ማሾ ፋኖሱን፣ መረቡንና ባልዲውን አንጠልጥሎ ጋምበሪ ሊይዝ ይሄዳል። ለእንጀራ ብሎ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ሲቀቅለው ከዋለው ሙቀት ሊያመልጥ ነው። የጨው፣ የጭቃና የማሾ ጋዝ ሽታ ተደባልቆ ልብሳችን ላይ ይቀር ስለነበር፣ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ማን ሐይቅ እንዳመሸ መምህራችን ሳትጠይቅ ታውቅ ነበር።

የእኛ ቤት ጉዳይ ግን ለየት ይላል። እኛ ጋምበሪ አንበላም። እማዬ የደሴ ልጅ ናት፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ነገር በእሷ ቤት ምግብ አይባልም፤ ደጃፏን እንዲያልፍም አትፈቅድም። አባዬም ቢሆን በአፉ አይነካውም። መያዙን ግን ይወደዋል። የሚገርመው ደግሞ ምንም ይዞ አያውቅም።

«የማትበላውን ልትይዝ ትሄዳለህ፤ እሱንም አትይዘው!» ትለው ነበር እማዬ።

አባዬ ሐይቅ የሚሄደው ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ነበር። ደጋ ያደገ ሰው ማታ ከቤት የሚወጣው በጨረቃ ነው፤ ብርሃን ካለ ሁሉም ነገር ይታያል ብሎ ያስባል። እኔን ያስከትልና በጨረቃ ስንንቦጫረቅ እናመሻለን። ከእኛ በቀር ሰው አይኖርም። አባዬ ይህን የአሰብ ሰው ስንፍና ነው ይል ነበር፤ ሐይቁ ለብቻችን በመሆኑም ደስ ይለዋል። ስንመለስ ባልዲው ውስጥ የሚገኘው ውኃ ብቻ ነው።

እማዬ አሰብን አልወደደችውም። በሙቀቱ ወራት አንሶላ በውኃ ነክረን ነበር ግቢ ውስጥ የምንተኛው፤ እሱም እንቅልፍ ሳይወስደን ይደርቃል። በየዓመቱ ሙቀቱ ሲብስ ደሴ ትሄድና ሲበርድ ትመለስ ነበር። በዚያ ዓመት ግን «ዘንድሮ ከሄድኩ አልመለስም፤ ልጄንም ይዤ ነው የምሄደው» አለች። አባዬ ቀን ከክሬኑ ላይ አይወርድም፣ ማታ ከሐይቁ አይጠፋም፤ «እኔ ማንን ብዬ ነው በዚህ እሳት የምቀመጠው?» አለች። ደሴ የሚሄድ የጭነት መኪና ነጂ ዘመድ አላት፤ ቅዳሜ ጠዋት ሊወስደን ተስማሙ። ሻንጣው ተሞልቶ በር አጠገብ ቆመ። እኔ ከአባዬ ልለይ ነው ብዬ በሻንጣው በኩል ማለፍ እንኳን ፈራሁ።

ጎረቤታችን ጋሽ ኡመር የባሕር ሰው ነው። የአባዬን ነገር ብዙ ጊዜ አይቶ በአክብሮት ዝም ብሏል። ሐሙስ ዕለት ግን አልቻለም።

«አቶ ታደሰ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሚይዙት ጋምበሪውን ነው ወይስ ጨረቃዋን?»

አባዬ ደነገጠ። ጋሽ ኡመር አስቀምጦ አስረዳው። ጋምበሪ ጨረቃ ካየ ጭቃ ውስጥ ይቀበራል። የሚወጣው ጨረቃ በሌለበት ምሽት፣ ቀኑ ሞቆ ሲውልና ባሕሩ መጉደል ሲጀምር ነው። ያኔ ከውኃው ጋር ወደ ሐይቁ አፍ ይወርዳል። ነፋስ ካለ ውኃው ይሸበሸብና ምንም አይታይም፤ ያን ቀን እቤት መቀመጥ ነው።

«ታዲያ ማሾውንስ አይፈራም?» አለ አባዬ።

«ማሾ ድንገት ሲመጣበት ደንግጦ ይቆማል። ዓይኑ እንደ ፍም ሲበራ ያዩታል። ነገ ጨረቃ የለም፤ ነፋሱም ይተኛል። ነገ ይሂዱ።»

ነገ ማለት አርብ ነው። አርብ ሲደርስ አባዬ እማዬን አጠገቧ ተቀምጦ ለመናት። «ዛሬን ብቻ አብረሽኝ ነይ። ነገ ሻንጣሽን እኔው ራሴ እጭንልሻለሁ።»

እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ መጣች፤ ፊቷ ለቅሶ ቤት የምትሄድ ይመስላል። ፀሐይ ገብታ ብዙም አልቆየም። ውኃው ጸጥ ብሏል፤ የሌሎች ሰዎች ማሾ በሐይቁ አፍ ዙሪያ ተበታትኗል። እማዬ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ኡመር ከወዲያ ማዶ «እግር አታንሱ፣ እየጎተታችሁ ሂዱ! አሸዋው ውስጥ የሚናደፍ ዓሣ አለ!» እያለ ይጮኻል። አባዬ ማሾውን ዝቅ ሲያደርግ ከሥሩ ያ ሁሉ ቀይ ዓይን በራ።  አባዬ መረቡን ከፊቱ ወረወረበት። ባዶ። ደገመ። ባዶ።

«ከኋላው፣ ከኋላው!» አለ ጋሽ ኡመር። ጋምበሪ የሚሸሸው ወደ ኋላ ነው። መረቡን ከጭራው በኩል አስቀምጠህ ከፊት በእግርህ ነካ ማድረግ ነው፤ ራሱ ዘሎ ይገባልሃል። ይኼን ትምህርት ዛሬም ደንበኛ ላይ እጠቀምበታለሁ።

«ከኋላው! አንተ ሰውዬ፣ ከኋላው ሲሉህ አትሰማም?» ከዳር እማዬ ናት።

«አልታዘዝ አለኝ እኮ!»

«እንዴት ይታዘዝህ? አምጣ ወዲህ!»

ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ውኃው ውስጥ ገባች። መረቡን ቀማችውና ከጭራው በኩል ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። ሲገባላት ጮኸች። ሁለተኛው ዘሎ እጅጌዋ ውስጥ ገባ፤ «አውጣልኝ! አውጣልኝ!» እያለች ስትዘል አባዬ ሊያወጣላት ሲል ተንሸራተተና ሁለቱም ውኃው ውስጥ ተቀመጡ። እማዬ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። የሌሎቹ ማሾዎች ሁሉ ወደ እኛ ዞሩ።

ባልዲው ሞላ። የጋሽ ኡመር ሚስት እዚያው ዳር በጨው ቀቀለችው። እኔ እማዬን አየኋት። ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረችና «እኔ ምንም አላየሁም» አለች። ሆዴ እስኪነፋ በላሁ።

ጠዋት የጭነት መኪናው ደጃችን መጥቶ ጡሩንባውን ነፋ። እኔ አንሶላ ውስጥ ተሸሸግኩ። እማዬ ወጥታ ከነጂው ጋር ተነጋገረች፤ ለደሴ ዘመዶች አንድ ጆንያ ጨው አስጭና ሸኘችው። ከዚያ ተመልሳ ገብታ አባዬን «ቁርስህ እየቀዘቀዘ ነው» አለችው። ሻንጣውን ከበሩ አጠገብ አንስታ ወደ ጓዳ መለሰችው።

ከዚያ በኋላ ጨረቃ በሌለበት ምሽት ሦስታችንም እንሄድ ነበር። አንዳንዴ ግን ጨረቃ ሙሉ ሆና ሳለ ባልዲውን ይዘው ሁለቱ ብቻ ይወጣሉ፤ እኔን ጋሽ ኡመር ቤት ይተዉኛል።

«አባዬ፣ ዛሬ እኮ አይወጣም!» ብዬ እለማመጣለሁ።

«እናውቃለን» ትለኛለች እማዬ።

ባዶ ባልዲ ይዘው ይመለሳሉ። ጋሽ ኡመር ያን ያህል አስተምሯቸው መርሳታቸው ያበሳጨኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ ራሴ ካገባሁ በኋላ ነው፤ እሱም ቆይቶ።

ዛሬ ጨረቃዋንም፣ ነፋሱንም፣ የባሕሩን መጉደልም ስልኬ ላይ ቼክ አደርጋለሁ፤ ጋሽ ኡመርን ማስቸገር አያስፈልግም። ባለቤቴ ሂትሮው የማታ ፈረቃ ነው የሚሠራው። እሱ ሲገባ እኔ ስወጣ በር ላይ እንገናኛለን። «ወጡ ፍሪጅ ውስጥ ነው»፣ «ካውንስል ታክሱን ከፈልሽ?» እንባባላለን፤ የእኛ ፍቅር ይኼው ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደክሞታል፤ እኔም ደክሞኛል።

ባለፈው ሳምንት በር ላይ ያዝኩትና «አንድ ማታ ባሕር ዳር እንሂድ» አልኩት።

«ምን ልንሠራ?»

«ምንም።»

ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ትክ ብሎ አየኝ። «አሞሻል እንዴ?»

«አላመመኝም።»

ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። ከዚያ ስልኩን አወጣና ፈረቃውን ስዋፕ እንዲያደርግለት ለባልደረባው ደወለ።